ጨጓራ ሲደማ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ነው የምሠራው። ሰው ዶክተር ይለኛል፤ አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ከመደርደሪያዬ በብዛት የሚወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም የሚገዛው ያው አንድ ሰው ነው። ስለ ጨጓራ መድማት በመስኮት የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አሁን ደም እያስመለሳችሁ ወይም ጥቁር ሰገራ አይታችሁ ደንግጣችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን ስልኩን አስቀምጡትና ተነሱ፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ጨጓራዬ እየደማ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሰገራችሁ ቀለም። ሕመም አትጠብቁ። በተለይ ዕድሜው የገፋና ማስታገሻ የሚያዘወትር ሰው ምንም ሳያመው ሊደማ ይችላል።

ደሙ ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲፈስ አንጀትን ሁሉ አቋርጦ ነው የሚወጣው፤ በመንገዱ ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ቀይ አይታያችሁም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅ፣ ሬንጅ የመሰለ ይሆናል። ሽታውም የተለየ ነው፤ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም። ሰገራን ለማጥቆር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ደም ይበቃል፤ አንድ ስኒ ቡና ገደማ ማለት ነው። ጨጓራ ውስጥ የቆየ ደም በትውከት ከወጣ የቡና አተላ ይመስላል። ትኩስ ከሆነ ደግሞ ቀይ ነው፤ የረጋም ሊኖርበት ይችላል።

እኛ ሰፈር ያለው ችግር ግን ማየቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ብለው ያሉት ግቢዎች ሽንት ቤታቸው ጉድጓድ ነው፣ መብራት የለውም፣ ሰው ገብቶ ይወጣል እንጂ ምን እንደወጣው አያውቅም። ኮንዶሚኒየም ውስጥም ቢሆን ውኃ ሲጠፋ ከጀሪካን በጆግ ቀድቶ ደፋ አድርጎ መውጣት ነው፤ ማን ቆሞ ያያል። አንዲት እናት ለወገባቸው መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ፊታቸው ነጭ ሆኖ አየሁና "እማማ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ!" ብለው ተቆጡኝ። ነውር የለውም። የሚያዞራችሁ፣ ያለ ምክንያት የሚደክማችሁ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና እዩ። ከተጠራጠራችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሐኪሙ ፊት ሆኖ "ጠቆር ያለ ነገር መሰለኝ" ከማለት ይሻላል።

ቀስ እያለ የሚደማ ጨጓራ ደግሞ ደረጃ ላይ ነው የሚታወቀው። 4ኛ ፎቅ እየኖራችሁ በየቀኑ የምትወጡትን ደረጃ ድንገት 2ኛው ላይ ቆማችሁ መተንፈስ ከጀመራችሁ፣ ልባችሁ የሚደልቅ ከሆነ፣ "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት። ሄሞግሎቢናችሁን (የደማችሁን መጠን) ተመርመሩ፤ ቀላል ምርመራ ነው፣ ጤና ጣቢያም ይሠራል።

የደም ማነስ ኪኒን እየወሰድኩ ነው፤ ሰገራዬ ጠቁሯል። ልደንግጥ?

ብዙ ጊዜ አይደለም። አይረን ሰገራን ያጠቁራል፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ነው፣ አይጣበቅም፣ ያን የከረፋ ሽታም የለውም። በጾም ቀይ ሥር በደንብ በልታችሁ ቀይ ካያችሁም ያው ቀይ ሥሩ ሊሆን ይችላል። ማዞር ወይም ድካም ከተጨመረበት ግን በመገመት ጊዜ አታጥፉ፣ ታዩ።

በርበሬና ቡና ነው አይደል የሚያደማው?

አይደለም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ቡና፣ ንዴት፤ ሁሉም ያለባችሁን ሕመም ሊያባብሱት ይችላሉ፣ ቁስለት ግን አይፈጥሩም። "ጨጓራ አለብኝ" የሚል ሰው ሁሉ ቁስለት አለበት ማለትም አይደለም፤ አብዛኛው የለበትም። መድማት የሚመጣው ቁስለቱ ወደ ውስጥ ጠልቆ ደም ሥር ሲነካ ነው።

ዋነኞቹ ጥፋተኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ በሚያህለው ሰው ጨጓራ ውስጥ ይኖራል ይባላል፤ እኛም አገር በጣም የተስፋፋ ነው። ድሮ ሐኪሞቹም ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ባክቴሪያውን አገኙት፤ የሚሰማቸው ጠፋ። ማርሻል በ1984 ራሱ ባክቴሪያውን ጠጣና ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ።

ሁለተኛው ማስታገሻ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ አደጋው በጣም ይጨምራል።

ዳይክሎፌናኩን በመርፌ ከወሰድኩት ጨጓራዬን አይነካም ይባላል። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ሳምንት የለም።

ማስታገሻው ጨጓራን የሚጎዳው በዋናነት ከላይ ሲያርፍበት አይደለም። ጨጓራ ራሱን ከራሱ አሲድ የሚከላከልበት ንፍጥ አለው፤ ያ ንፍጥ እንዲመነጭ የሚያዝዝ ንጥረ ነገር በሰውነታችን ይሠራል፤ ዳይክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሰው እሱኑ ንጥረ ነገር በማጥፋት ነው። በአፍ ግባ፣ በመርፌ ግባ፣ በቂጥ በኩል ግባ፣ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ሥራው አንድ ነው። በሆድ ሙሉ መውሰድ ማቃጠሉን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከመድማት አያድንም።

እዚህ አካባቢ ግንባታ ብዙ ነው። ብሎኬት የሚሸከም፣ ፌሮ የሚያስር፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል የሚውል ልጅ ማታ ሲመለስ "ሁለት ፍሬ ዳይክሎፌናክ" ይለኛል። ወገቡ ያመዋል፣ ነገም ሥራ አለ፣ አልፈርድበትም። ሳምንቱን ሙሉ ሲደጋግመው፣ ማታ ማታ ደግሞ አረቄ ሲጨምርበት ነው ነገሩ የሚከፋው። ፓራሲታሞል ጨጓራን እንዲህ አያደማም፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ፍሬ ባለ 500፣ ማለፍ የለበትም። መጠጥ የሚያበዛ ወይም ጉበቱን የታመመ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው የሚወስደው፤ ጠይቁ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለው ማስታገሻ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ሐኪሙ አብሮ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ያዝዛል።

ዕድሜያችሁ ከ65 በላይ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ደምታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ እንዲህ ያለ ማስታገሻ በራሳችሁ አትግዙ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት።

ምን ያህል ያሰጋል? ሰው ይሞትበታል?

ይሞትበታል፤ ብዙው ሰው ግን ይድናል። ሁለቱንም ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ከሚመጣው መድማት 80 በመቶ ገደማው በራሱ ይቆማል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ ከላይኛው የምግብ መስመር ደምተው ሆስፒታል ከሚገቡ 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ይሞታሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ የሚሞቱት ደሙ አልቆም ብሎ ሳይሆን ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ካንሰር ተደርቦባቸው ነው። አንድ ወጣት ሌላ በሽታ ሳይኖርበት በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰ ተስፋው በጣም ጥሩ ነው። አሳሳቢዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሌላ ሕመም ያለባቸው፣ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው የወረደ፣ ቀይ ደም የሚያስመልሱና ሌላ ሕመም ተኝተው ሲታከሙ ሳለ መድማት የጀመራቸው ናቸው።

አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ቢፈስ እምብዛም ላይታወቅ ይችላል። እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ ልብ ምት ይፈጥናል፣ ሲነሱ ያዞራል፤ የደም ግፊቱ ተኝቶ እያለ ጭምር ሲወርድ ከደሙ ሲሶ ገደማው ሄዷል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ላብ፣ የገረጣ ፊት፣ ውኃ ጥም፣ መደናገር፣ ሽንት መቅረት ካያችሁ ቀጠሮ፣ ነገ፣ ትንሽ ልረፍ የሚባል ነገር የለም።

ትላንት ጥቁር ነበር፣ ዛሬ ደህና ነኝ። ቆሟል ማለት ነው?

ሊቆም ይችላል፣ ሊያገረሽም ይችላል። ከሚደሙት ከ10 እስከ 20 በመቶው ላይ ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ነው። ሁለተኛው መድማት ከመጀመሪያው የበለጠ ይገድላል። ደህና ሆናችሁም ቢሆን ሂዱ። አንድ ኦሜፕራዞል ውጦ መተኛት ሕክምና አይደለም። ይህን የምለው ኦሜፕራዞል የምሸጥ ሰው ሆኜ ነው።

ከዳር ነው የምኖረው። የት ልሂድ፣ እስክደርስስ?

ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ የሚቀርበው ትልቁ ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። አያትና የካ አባዶ ያላችሁ የካ ኮተቤ፣ ቡራዩና አስኮ ያላችሁ ጳውሎስ፣ ጀሞና ሰበታ ያላችሁ አለርት። ጤና ጣቢያ ቅርብ ከሆነ ግሉኮስ እንዲሰኩላችሁና አምቡላንስ እንዲጠሩላችሁ መግባቱ ጥሩ ነው፣ እዚያ ማደር ግን አይሆንም፤ ኢንዶስኮፒም (ጨጓራን በካሜራ ማያው) የሚሰጥ ደምም እዚያ የለም። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ኢንዶስኮፒ ይሠራሉ፤ ሌላ ቦታ ከሆነ ሪፈር ሊጻፍላችሁ ይችላል።

መንገድ ላይ፦ ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ፣ ሻይም ቢሆን። ራሳችሁ መኪና አትንዱ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጩ መሄድ ለሚያዞረው ሰው አደጋ ነው፤ ሌላ ካገኛችሁ የሚያስተኛ መኪና ፈልጉ። የሚያስመልስ ሰው በጎኑ ይተኛ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ አትጨምሩ። ከፎቅ ሲወርድ በእግሩ አታስወርዱት፣ ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ለሁለት ያዙት።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶውን ካርቶንም ቢሆን፣ በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ። የጤና መድን ካላችሁ ደብተሩን አትርሱ። አንድ ጤነኛ ዘመድም ይከተላችሁ፣ ደም ሊያስፈልግ ይችላል።

ሆስፒታል ምን ያደርጉልኛል?

መጀመሪያ ትልልቅ መርፌ ሁለት እጃችሁ ላይ ይሰኩና ፈሳሽ ይሰጣሉ፣ ደም ይወስዳሉ። የመጀመሪያው የሄሞግሎቢን ውጤት ጥሩ ቢመጣ "ምንም የለኝም" ብላችሁ እንዳትወጡ፤ በደንብ የሚወርደው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ደጋግመው ነው የሚለኩት። ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ ከ7 በታች ሲወርድ ደም ይሰጣል፤ የልብ ሕመም ላለበት ከ8 በታች። ከዚያ በላይ ላለ የተረጋጋ ሰው ደም አለመስጠቱ የተሻለ መሆኑ በጥናት ስለታየ "ለምን ደም አልሰጣችሁትም" ብላችሁ ከሐኪም ጋር አትጣሉ።

ቀጥሎ ኢንዶስኮፒ ነው፤ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ። ሰው የሚፈራው ስሙን ነው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባል፣ ጉሮሮ በመድኃኒት ይደነዝዛል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያልቃል። ደሙ ካልቆመ እዚያው በመርፌ ይወጉታል፣ በክሊፕ ይይዙታል፣ ወይም በሙቀት ይተኩሱታል። ዛሬ ሆድ ተከፍቶ የሚሠራው ከጥቂት ሰዎች በቀር አይደለም። በኋላ ለ3 ቀናት ገደማ ጠንከር ያለ የአሲድ መቀነሻ በደም ሥር ይሰጣል፤ ዳግም እንዳይደማ የሚጠበቀውም ያኔ ነው።

ጉበቱ የታመመ ሰው ቢደማስ?

ይሄ ሌላ ነው፣ የበለጠም ያስፈራል። ጉበት ሲጠነክር ደም ማለፊያ ያጣና በምግብ ቧንቧ ዙሪያ ያሉ ደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ሲፈነዱ በብዛት ቀይ ደም ያስመልሳል። መነሻው የጉበት ቫይረስ፣ ለዓመታት የተጠጣ አልኮል፣ ወይም ከሐይቅ ውኃ የሚይዘው ቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል። ጣና ዳር ወይም ዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ ይህን ለሐኪሙ ንገሩት፣ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ከእነዚህ ታማሚዎች ከ100 ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በ6 ሳምንት ውስጥ ይሞታሉ። ደም ሥሩ በኢንዶስኮፒ በላስቲክ ቀለበት ይታሰራል፤ እንዳይመለስ ደግሞ በግፊት መድኃኒትነት የሚታወቀው ፕሮፕራኖሎል ይታዘዛል። ኪኒኑን "ግፊት የለብኝም" ብላችሁ እንዳታቋርጡት፣ የተሰጣችሁ ለግፊት አይደለም።

ተልባ፣ ወተት፣ ጸበል?

ተልባ ያለሰልሳል፣ ደም አያቆምም። ወተት ለትንሽ ጊዜ ያረጋጋና በኋላ አሲድ ይጨምራል። ጸበሉን የሚከለክላችሁ የለም፤ ነገር ግን በሚደማ ጨጓራ ላይ ብዙ ጠጥቶ በኃይል ማስመለስ ቧንቧውን ሊሰነጥቅ ይችላል። አረቄ ጠጥቶ ሌሊቱን ሲያስመልስ ያደረ ሰው መጨረሻ ላይ ደም የሚያየው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ጸበሉ በኋላ ይደርሳል።

ከዳንኩ በኋላ ይመለስብኛል?

መንስኤው ከጠፋ አይመለስም ማለት ይቻላል። ካልጠፋ ይመለሳል። ኤች ፓይሎሪ ሳይታከም የቀረ ቁስለት ከግማሽ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በዓመት ውስጥ ያገረሻል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። ሁለት አንቲባዮቲክና አንድ የአሲድ መቀነሻ፣ አፍ የሚያመርር፣ ሆድ የሚያንጫጫ ነገር ነው፤ በ5ኛው ቀን ሕመሙ ሲተው ብዙ ሰው ይተወዋል። የተረፈውን ለጎረቤት የሚሰጥም አውቃለሁ። ጨርሱት። ከጨረሳችሁ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይታችሁ በሰገራ ተመርመሩ፤ ከምርመራው በፊት ደግሞ ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት ማቆም አለባችሁ፣ አለዚያ ባክቴሪያው ሳይጠፋ "የለም" ሊላችሁ ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ከዳናችሁም በኋላ ለረጅም ጊዜ "አለ" ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዱን ባክቴሪያ ሦስት አራቴ የታከመ ሰው አይቻለሁ።

ቁስለቱ ጨጓራ ላይ ከነበረ ከ8 ሳምንት ገደማ በኋላ ኢንዶስኮፒ ሊደገም ይችላል፤ ካንሰር ቁስለት መስሎ ስለሚመጣ ነው። ገንዘብ ለመብላት አይደለም። የትንሹ አንጀት ቁስለት ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሲጋራ ቁስለቱ እንዳይድን ያደርጋል። የፈሰሰው ደም እስኪተካ አይረን ለወራት ሊወሰድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስለ ጥቁር ሰገራ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ።

መጾም እችላለሁ?

ቁስለቱ እስኪድን ባትጾሙ ጥሩ ነው። ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው አይጨክኑም። ረመዳንም ለታማሚ የተፈቀደ እፎይታ አለው። ከዳናችሁ በኋላ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፤ ኦሜፕራዞል ምግብ ከመብላት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የሚወሰደው፣ በጾም ጊዜም ማፍጠሪያ አካባቢ ማድረግ ይቻላል።

ለልቤ አስፕሪን ነው የምወስደው። ከደማሁ በኋላ ላቁመው?

በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትጀምሩ። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባችሁ፣ ስትሮክ መትቷችሁ ወይም የልብ ደም ሥራችሁ ላይ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ገብቶላችሁ የምትወስዱት ከሆነ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ደሙ በቆመ በቀናት ውስጥ ይመልሱላችኋል፣ ከአሲድ መቀነሻ ጋር። ሆንግ ኮንግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት አስፕሪን የቀጠሉት ሰዎች ዳግም የመድማት ዕድላቸው ካቆሙት ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር፤ በ8 ሳምንት ውስጥ የሞቱት ግን ከቀጠሉት ከ100 አንድ ገደማ ሲሆን ካቆሙት 13 ገደማ ነበሩ። ሳትታመሙ "ለጥንቃቄ" ብላችሁ የጀመራችሁት ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ተዉት የሚላችሁ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ከእኔ መስኮት ሳይሆን ከእሱ ስሙት።